ካሜራ የሚመረጠው ከፎቶው ተነስቶ ነው፦ በስፋት ለተነበበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ፎቶግራፍ በሚወዱ ሰዎች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። የተጻፈው ፎቶ ማንሳትን መተዳደሪያቸው ላላደረጉ፣ ነገር ግን ከጊዜ ማሳለፊያ በላይ አድርገው ለያዙት አማተሮች ነው። ምን ዓይነት ካሜራ ይግዙ፣ ያነሱትንስ በኮምፒውተር እንዴት ይያዙት የሚሉትን ጥያቄዎች ያለ ማመንታት ይመልሳል። አጻጻፉ ግልጽ፣ ምክሩም ቆራጥ ስለሆነ ብዙ ጀማሪዎች አምነውታል። አብዛኛው ምክር ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ ሰውን ላላስፈላጊ ወጪ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ለማይገኝ የፎቶ ጥፋት ስለሚዳርግ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ፎቶን ከምር የያዘ ሰው ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቅ ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል) ያለው ካሜራ ይግዛ፤ ከዚያ ያነሰው መለማመጃ ነው ይላሉ። የሜጋፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች በሚሊዮን) ብዛት ለወደፊት ዋስትና ስለሆነ አቅም የፈቀደውን ያህል ከፍ ያለው ይመረጥ ይላሉ። ከበጀቱ አብዛኛው ለካሜራው አካል ይዋል፤ ሌንስ ቀስ ተብሎ ይገዛል፣ ጉድለቱንም ሶፍትዌር ያርመዋል ባይ ናቸው። በሮው (ገና ባልታረመው የሴንሰሩ ጥሬ መረጃ) ማንሳት ብርሃን መለካት ላልቻለ ሰው ምርኩዝ ነው፤ ያወቀ በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አርሞና ጨምቆ በሚያወጣው ፋይል) ይጨርሳል ብለዋል። ፎቶን በቀንና በፎልደር ማደራጀት ያለፈበት ሥራ ስለሆነ ሁሉም ለአንድ ፕሮግራም ካታሎግ (ፎቶዎቹን ለሚመዘግበው ማውጫ) ይተው፤ የስክሪንን ብርሃንና ቀለም ማስተካከል የባለሙያዎች ጣጣ ነው፤ ለመጠባበቂያም ሁለት ዲስኮች ያሉት አንድ ሳጥን ይበቃል ሲሉ ደምድመዋል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የማየው አንድ ስሕተት አለ። ጸሐፊው ጥያቄውን የሚጀምሩት ከሱቁ መደርደሪያ ነው፦ ከካሜራዎቹ የትኛው ይበልጣል? መጀመር የነበረበት ግን ከፎቶው ነው። የሚነሣው ምንድን ነው? በምን ብርሃን? ተጠናቆ የሚታየው ወረቀት ላይ ነው ወይስ ስክሪን ላይ፣ በምን መጠን? ከ20 ዓመት በኋላስ ተፈልጎ ይገኛል? እነዚህ ከተመለሱ ካሜራው ራሱን በራሱ ይመርጣል ለማለት ይቻላል።

ከሴንሰሩ ልጀምር። የጸሐፊው መነሻ ትክክል ነው፤ በእሱ አልከራከርም። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ኤፒኤስሲ የሚባለው መካከለኛው ሴንሰር 23.5 በ15.6 አካባቢ ሲሆን፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ 17.3 በ13 ነው። ዝናብ ላይ የተቀመጠ ሳፋ አፉ በሰፋ ቁጥር ብዙ ውኃ እንደሚያጠራቅም ሁሉ፣ የሌንሱ ክፍተትና የመዝጊያው ፍጥነት እኩል ሲሆኑ ፉል ፍሬሙ ከኤፒኤስሲው 2.3 እጥፍ ገደማ፣ ከማይክሮ ፎር ሰርድሱ ደግሞ ወደ 4 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይሰበስባል። በፎቶ አንሺዎች አነጋገር የመጀመሪያው ከአንድ እርከን ጥቂት ከፍ ያለ፣ ሁለተኛው ሁለት እርከን ነው፤ አንድ እርከን ማለት ብርሃኑ በእጥፍ የሚጨምርበት ወይም በግማሽ የሚቀንስበት ልክ ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ሌንሱ እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ በጸሐፊው ምክር የሄደ አማተር ግን እኩል ሌንስ አይኖረውም። ገንዘቡን ፉል ፍሬሙ ላይ ጨርሶ አብሮት የሚሸጠውን ርካሽ ዙም ይይዛል። ያ ዙም ወደ ረጅሙ ጫፍ ሲጎተት ከኤፍ 5.6 ወይም ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፈትም፤ ኤፍ የሌንሱ ክፍተት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል። ሌላው አማተር ኤፒኤስሲ ካሜራ ገዝቶ በተረፈው ገንዘብ ኤፍ 1.8 የሚከፈት፣ ዙም የማያደርግ ነጠላ ሌንስ ጨመረ እንበል። ሁለቱም ማታ በአንድ አምፖል በሚበራ ክፍል ውስጥ የሚጫወት ሕፃን ሊያነሱ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) 6400 ላይ አድርገን ኤፍ 5.6 ያለው ሰው 1/20 ሰከንድ ካስፈለገው፣ ኤፍ 1.8 ያለው በ1/200 ያነሳል። በ1/20 ሰከንድ የሕፃኑ እጅ ከትከሻው ጀምሮ እንደ ጭስ የተጎተተ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ጣቶቹን መቁጠር አይቻልም። ይህን የሚያድን የሴንሰር ስፋት የለም። ሁለቱም በአንድ የመዝጊያ ፍጥነት ቢያነሱ እንኳ፣ የሴንሰሩ ልዩነት ተቀንሶ፣ ባለ ትንሹ ሴንሰር 4 እጥፍ ገደማ የበለጠ ብርሃን አግኝቷል።

እርግጥ ነው ኤፍ 1.8 ላይ የትኩረቱ ጥልቀት ይጠባል፤ ፎከሱ ከዓይን ትንሽ ፈቀቅ ካለ ፎቶው ይበላሻል። ጥሩ ሌንስ ያለው ፉል ፍሬም ደግሞ ጥሩ ሌንስ ካለው ኤፒኤስሲ በጨለማ ይበልጣል፤ የሌሊት ሰማይን ወይም ደብዛዛ መድረክን ዋና ሥራው ያደረገ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ወፍና የዱር እንስሳ የሚያነሳ ግን ተቃራኒውን ሊመርጥ ይችላል። የሌንስ ሚሊሜትር ሲበዛ እይታው ይጠባል፣ ሩቁም ይቀርባል፤ 300 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፒኤስሲ ላይ የሚያሳየው በፉል ፍሬም 450 ሚሊሜትር የሚያሳየውን ያህል ጠባብ እይታ ነው። ፉል ፍሬሙን መሃሉን ቆርጬ እጠቀማለሁ ቢባል 24 ሜጋፒክስሉ ወደ 10 ይወርዳል። ትልልቆቹን ሌንሶች ተሸክሞ ሙሉ ቀን የሚሄድ ሰው የክብደቱንም ነገር ያውቃል። ስለዚህ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም፤ «መለማመጃ» የሚለው ፍርድ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይዘጋዋል።

የሜጋፒክስሉ ክርክር ከዚህም ደካማ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በአግድም 6000፣ በቁም 4000 ፒክስል አለው። ባለ 45 ሜጋፒክስሉ 8256 በ5504 ገደማ ነው። አጠቃላይ ቁጥሩ በእጥፍ ሊጨምር ጥቂት ቢቀረውም በአንድ ጎን የተገኘው ጭማሪ 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዝርዝሩን በእውነት እጥፍ ማድረግ የፈለገ ሰው 96 ሜጋፒክስል ያስፈልገዋል። አሁን ከመጨረሻው እንነሳ። በአንድ ኢንች 300 ፒክስል በሚጠይቀው ጥብቅ የኅትመት ልክ እንኳ 24 ሜጋፒክስል 50 በ34 ሴንቲሜትር የሚሆን ወረቀት ይሞላል። ከዚያ የሚበልጥ ኅትመት የሚታየው ራቅ ተብሎ ስለሆነ የሚፈልገው ጥግግት ያነሰ ነው። 4ኬ የሚባለው ስክሪን ደግሞ 3840 በ2160 ፒክስል ብቻ ነው፤ ከ8.3 ሜጋፒክስል በላይ ማሳየት አይችልም።

ዋስትና የተባለው ነገር የራሱ ዕዳ አለው። ሌንሱ ኤፍ 16 ድረስ ሲጠብ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን፣ አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ የምታርፈው 21 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት ያላት ክብ ሆና ነው። በ45 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ላይ የአንድ ፒክስል ስፋት 4.4 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ነጥቧ 5 ፒክስል ያህል ትይዛለች፤ የተከፈለበት ዝርዝር እዚያው ይጠፋል። የእጅ መንቀጥቀጥም በደቂቁ ፒክስል ላይ ጎልቶ ይታያል። ማከማቻውም ያድጋል። ያልተጨመቀ ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል በስሌት 24 ሜጋፒክስል ላይ 42 ሜጋባይት፣ 45 ላይ 79 ሜጋባይት ነው። አንድ ሺህ ፎቶ በሦስት ቅጂ ሲቀመጥ 126 ጊጋባይት የነበረው 237 ይሆናል። ትልልቅ ኅትመት የሚሠራ፣ ሥዕልና የቆየ ሰነድ የሚያነሳ፣ ወይም ከሩቅ ያነሳትን ወፍ ቆርጦ የሚያወጣ ሰው ይህን ዕዳ ቢሸከም ምክንያት አለው። ጸሐፊው ግን ምክሩን የሰጡት ለሁሉም ነው።

«ካሜራው ይቅደም፣ ሌንሱ ይደርሳል» የሚለው ከሁሉም ምክሮች ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካነን ኢኤፍ የተባለውን የሌንስ መግጠሚያ ያወጣው በ1987 ነው። በዚያ ዘመን ለፊልም ካሜራ የተሠራ ሌንስ፣ ኩባንያው በ2018 ባወጣቸው መስታወት አልባ ካሜራዎች ላይ በማገናኛ ተገጥሞ ፎከሱን እንደያዘ ይሠራል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ስንት የካሜራ ትውልድ እንዳለፈ ማሰብ ነው። በ2005 ብዙዎች የጓጉለት የዚያው ኩባንያ ፉል ፍሬም ካሜራ 12.8 ሜጋፒክስል ነበረው፤ ዛሬ ማንም የመጀመሪያ ምርጫው አያደርገውም፤ አብሮት የተገዛው ጥሩ ሌንስ ግን አሁንም ጥሩ ሌንስ ነው። ሁሉም መግጠሚያ እንዲህ የታደለ አይደለም። ኒኮን በ1959 ያስተዋወቀው መግጠሚያ እጅግ ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም፣ በውስጣቸው ሞተር የሌላቸው ሌንሶች ኩባንያው ለአዲሶቹ ካሜራዎች ባቀረበው ማገናኛ ሲገጠሙ ፎከሳቸውን በእጅ ማዞር ግድ ሆኗል። ይህም ቢሆን የሚያስተምረው ስለ መግጠሚያው አስቀድሞ መጠየቅን ነው፤ ሌንስን ወደ ኋላ ማድረግን አይደለም።

ሶፍትዌር የሌንስን ጉድለት ያርማል የሚለው በከፊል እውነት ነው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር አልተናገሩም። የጎበጠ መስመር ይቃናል፣ የጨለመ ጥግ ይበራል፣ በጠርዝ ላይ የሚታየው ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ይጠፋል። ብዙ አዳዲስ ሌንሶችም ይህ እርማት ታስቦ የተነደፉ ናቸው። ሶፍትዌር የማያመጣው ሌንሱ ያላስገባውን ብርሃን ነው። የሳተ ፎከስንና በዘገየ መዝጊያ የተደበላለቀን እንቅስቃሴም በትክክል አይመልስም፤ የሚሰጠው የተገመተ ዝርዝር ነው። ዋናዎቹ ችግሮች ደግሞ እነዚህ ናቸው።

ሌንስ ለመምረጥ እኔ የምመክረው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። በእጅ ባለው ዙም ለጥቂት ወራት ማንሳት፣ ከዚያ የወደዷቸውን ፎቶዎች ብቻ ለይቶ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሡ ማየት። ካሜራው ይህን ቁጥር በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ የአዶቢ ኩባንያ የፎቶ ፕሮግራም ላይትሩምም ሆነ በነፃ የሚገኘው ዲጂካም በዚያ ቁጥር ፎቶዎችን ያጣራሉ። ከተወደዱት አብዛኞቹ 35 አካባቢ ከተሰበሰቡ ቀጣዩ ሌንስ ታውቋል። ሁሉም የዙሙ ረጅም ጫፍ ላይ ተጨናንቀው ከተገኙ ሰውዬው ሲሻ የኖረው ሌላ ሌንስ ነው። አዲስ ካሜራ ለሁለቱም መልስ አይሆንም።

ወደ ሮው ልሂድ፤ ጸሐፊው በጣም የበረቱት እዚህ ላይ ስለሆነ እኔም ትንሽ መቆየት አለብኝ። መከራከሪያቸው የሥነ ምግባር ቃና አለው፦ የድሮ ሊቃውንት ሁሉንም በካሜራው ውስጥ ይጨርሱ ነበር፣ የዛሬ ሰው ግን ስንፍናውን በኮምፒውተር ይሸፍናል የሚል። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ብርሃን መለካትን በሥርዓት ካስተማሩ ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ከፎቶ አንሺው ፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ የቀረጸው የዞን ሥርዓት (ብርሃንን ከጥቁር እስከ ነጭ በደረጃ ከፍሎ የሚለካበት ዘዴ) እስከ ዛሬ ይማሩበታል። በ1941 በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳው ፎቶ ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ስላጣው፣ የጨረቃን ብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ነበርና ከዚያ አስልቶ አነሳው። ከዚህ የበለጠ የብርሃን እውቀት ከየት ይመጣል? ሆኖም ሥራው በዚያ አላበቃም። በ1948 የኔጋቲቩን (ፎቶው የሚታተምበትን የታጠበ ፊልም) የታችኛውን ክፍል በኬሚካል አጠንክሮታል፤ በኋላ ያተማቸው ቅጂዎች ላይም ሰማዩ ከመጀመሪያዎቹ እጅግ የጠቆረ ነው። ብርሃን መለካትን የሚያውቀው ሰው ኔጋቲቩንም ለዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ሁለቱ ተቃራኒዎች ሆነው አያውቁም።

አሁን ወደ ፋይሉ። ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃዎች አሉት። ባለ 12 ቢት ሮው 4096፣ ባለ 14 ቢቱ 16384 አለው። ካሜራው ጄፔግ ሲሠራ የነጩን ልክ (ነጭ ነገር በየብርሃኑ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገውን ማስተካከያ) ይወስናል፣ የነገሮችን ጠርዝ አጉልቶ ያጠራል፣ በጨለማው ላይ የሚታየውን ነቁጥ ይጠርጋል፣ የቀረውን ይጥለዋል። ውሳኔው ጥሩ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን የተጣለው አይመለስም። በሮው ውስጥ የነጩ ልክ ከመረጃው ጎን የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። በቢጫ አምፖል ሥር በፀሐይ ልክ የተነሣ ጄፔግ ፊቱን ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ ሊያርሙት ሲሞክሩ ሰማያዊው ቀለም ድሮም ስላልነበረ ቆዳው ግራጫና ጠቃጠቆ ይሆናል። በሮው የተነሣው ግን በአንድ ማስተካከያ ይመለሳል።

አንድ ሰው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል እንበል። ፊቱ በትክክለኛው ልክ ተለክቷል፤ በመስኮቱ በኩል ያለው እጅጌ ግን በጄፔጉ ላይ ባዶ ነጭ ሆኗል። አጉልተን ብናየው ክር የለም፣ እጥፋት የለም፣ የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ ጠፍቷል። በሮው ፋይሉ ላይ ደማቁን ክፍል አንድ እርከን ያህል ዝቅ ስናደርገው መጀመሪያ ክርኑ ላይ ያለው የእጥፋት ጥላ፣ ከዚያ የስፌቱ መስመር፣ በመጨረሻም የጨርቁ ድርና ማግ ብቅ ይላል። አንሺው አልተሳሳተም፤ ለፊቱ የሚያስፈልገው ብርሃን ያ ነበር። እንዲያውም ካሜራው በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ሂስቶግራም (የጨለማውንና የደማቁን መጠን የሚያሳይ ግራፍ) የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ ከጄፔጉ እንጂ ከሮው ስላልሆነ፣ «ተቃጥሏል» ያለው ክፍል በሮው ውስጥ ሙሉ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሮው ተአምር አይሠራም፤ ሴንሰሩ ራሱ ሞልቶ ከፈሰሰ በየትኛውም ፋይል አይመለስም። ስለዚህ በሮው የሚያነሳም ብርሃን መለካት አለበት፤ የሚያተርፈው ያንን ከሠራ በኋላ ነው።

ለጸሐፊው የሚያግዝ እውነተኛ ምሳሌ አለ፤ እሳቸው ባያነሱትም እኔ ላንሳው። የዜና ወኪሉ ሮይተርስ በ2015 ከተባባሪ ፎቶ አንሺዎቹ ከሮው የተሠራ ፎቶ እንደማይቀበል፣ ከካሜራው የወጣ ጄፔግ ብቻ እንዲልኩለት አሳውቋል። ምክንያቶቹ ፍጥነትና የዜና ፎቶ ታማኝነት ነበሩ፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ይሁንና ጄፔጉ አብሮ እስከተነሣ ድረስ በሮው ማንሳትን አልከለከለም። አማተሩም እንዲሁ ማድረግ ይችላል፦ ካሜራው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይጽፋል፣ ለፈጣኑ ጉዳይ ጄፔጉ ይላካል፣ ሮው ይቀመጣል።

ማስቀመጡ የሚጠቅመው ሶፍትዌር ስለሚሻሻል ነው። ላይትሩም በ2023 ያወጣው አዲስ የነቁጥ መጥረጊያ መጀመሪያ ላይ የሚሠራው በሮው ፋይል ብቻ ነበር። ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ በከፍተኛ አይኤስኦ የተነሣ የሠርግ ፎቶ በሮው ያስቀመጠ ሰው ያንኑ ፎቶ ከቀድሞው በተሻለ ጥራት እንደገና አወጣው። ጄፔጉን ብቻ ያስቀመጠ ይህ ዕድል አልነበረውም።

«ሁሉንም ለአንድ ፕሮግራም ተውት» የሚለው ምክር ደግሞ ብዙ ሰዎችን አንድ ጊዜ አስለቅሷል። አፕል አፐርቸር የተባለውን ፕሮግራም በ2005 አወጣ። የሚሠሩበት ሰዎች ፎቶዎቻቸውን፣ ቃላቶቻቸውን፣ ምርጫዎቻቸውን፣ የእርማት ሥራቸውን በሙሉ በእሱ ውስጥ አኖሩ። በ2014 ኩባንያው ማሳደጉን እንደሚያቆም አሳወቀ፣ በ2015 ከሽያጭ አወጣው፣ በ2019 የወጣው የማክ ሥርዓት ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ጭራሽ መከፈት አቆመ። የማይታወቅ ትንሽ ድርጅት አልነበረም፤ ፕሮግራሙም መጥፎ አልነበረም። አዶቢም በ2013 ዋና ዋና ፕሮግራሞቹን ወደ ወርኃዊ ክፍያ አዙሯል። ክፍያ ላቋረጠ ሰው ላይትሩም ክላሲክ ፎቶውን ያሳየዋል፣ አውጥቶም ይሰጠዋል፤ የማረሚያው ክፍል ግን ይዘጋበታል። ይህን በክፋት አላየውም፤ ንግድ ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው የ30 ዓመት ፎቶ በአንድ ድርጅት የንግድ ውሳኔ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

ስለዚህ በፎልደርና በቀን ማደራጀት ያለፈበት አይደለም፤ የትኛውም ፕሮግራም ቢመጣ የሚነበብ ብቸኛው ሥርዓት ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ቃል፦ ምን እንደሆነና የት እንደሆነ። የፋይሉ ስም በቀን ሲጀምር በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በራሱ ተራ ይሰለፋል። ከዚህ በላይ ካታሎግ መጠቀም ክፉ አይደለም፤ እኔም እጠቀማለሁ፣ ፊትን ለይቶ የሚፈልገው አዲሱ ዘዴም በእውነት ጊዜ ያተርፋል፤ በዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ነገር ግን ካታሎጉ የሚያውቀውን ነገር ፋይሉም እንዲያውቀው ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ ኤክስኤምፒ የሚባል መስፈርት አለ፤ መግለጫውን፣ ቁልፍ ቃላቱን፣ የኮከብ ደረጃውን ከሮው ፋይሉ አጠገብ በምትቀመጥ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ያሰፍራል። በላይትሩም ክላሲክ ይህ በራሱ የሚሠራው በቅንብሩ ውስጥ ሲመረጥ ብቻ ስለሆነ ገብቶ ማብራት ይገባል። ያን ያደረገ ሰው ነገ ዳርክቴብል ወደሚባለው ሌላ የፎቶ ፕሮግራም ወይም ወደ ዲጂካም ቢዞር ቃላቱና ደረጃዎቹ አብረውት ይሄዳሉ።

አብሮ የማይሄደው የእርማቱ ሥራ ነው፤ በላይትሩም የተስተካከለ ሮው በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ያንኑ መልክ አይሰጥም። ይህን የሚፈታው በእጅ መሥራት ብቻ ነው፦ የተጠናቀቁትን፣ የተወደዱትን ጥቂት ፎቶዎች በሙሉ መጠናቸው በቲፍ (ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ወይም በከፍተኛ ጥራት ጄፔግ አውጥቶ ከሮው ጎን ማኖር። ለዚህም መጀመሪያ ማጣራት ያስፈልጋል። ጸሐፊው «ጨክናችሁ አጥፉ» ማለታቸውን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ፤ ከጽሑፋቸው ሁሉ ይህ ክፍል ደጋግሞ ሊነበብ ይገባዋል።

ስለ ስክሪኑ ብዙ አልልም። ፎቶው ከስልክ ውጭ የማይታይ ከሆነ ጸሐፊው አልተሳሳቱም፤ ኤስአርጂቢ በሚባለው የተለመደ የስክሪን የቀለም መስፈርት ማውጣት ይበቃል። ኅትመት የሚያስብ ግን መጀመሪያ ብርሃኑን ይቀንስ። ስክሪኖች ከፋብሪካ የሚመጡት እጅግ ደምቀው ነው፤ በደመቀ ስክሪን ላይ የታረመ ፎቶ ሲታተም ጨልሞ ይወጣል፣ አታሚውም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። የስክሪን መለኪያ መሣሪያ ሲገኝ ድምቀቱን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ፣ የነጩን የቀለም ሙቀት 6500 ኬልቪን ላይ ማድረግ የተለመደው ልክ ነው። እስከዚያው ድረስ አንድ ነጭ ወረቀት ፎቶዎቹ በሚታዩበት ብርሃን ከስክሪኑ አጠገብ ይዞ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ባዶ ነጭ ከወረቀቱ እስኪመሳሰል ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ አብዛኛውን ችግር ያቃልላል።

የቀረው መጠባበቂያው ነው፤ የጸሐፊው ምክር ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ይዘት የሚጽፉበት ሳጥን አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ከዚህ የዘለለ ነገር አይሠራም። በስሕተት የተሰረዘ ፎልደር በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይሰረዛል። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሁለቱንም ይቆልፋል። ሌባ ሳጥኑን ሲወስድ፣ ቤት ሲቃጠል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ሳጥኑን ሲያቃጥለው ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ለውጥ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ የሚያመሳስል አገልግሎትም በዚሁ ምክንያት ብቻውን አይበቃም፤ ስረዛውንም ያመሳስላልና። ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት የያዙት ልማድ ሦስት ቅጂ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያየ ዓይነት ማከማቻ፣ ከእነሱም አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ለአማተር አይበዛበትም፦ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ሥራው ካለቀ በኋላ ገመዱ በሚነቀል ዲስክ ላይ፣ አንዱ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም በዘመድ ቤት በተቀመጠ ዲስክ ላይ። ሚሞሪ ካርዱም ፎቶዎቹ ሁለት ቦታ መድረሳቸው ሳይታይ አይጠረግም።

ቅጂው መኖሩም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሳይስተዋል ለወራት የቆመ ወይም የተበላሹ ፋይሎችን ሲገለብጥ የኖረ መጠባበቂያ ጥቂት አይደለም። በየጥቂት ወሩ ከቆዩት ዓመታት አንድ ፎልደር መርጦ፣ ከመጠባበቂያው ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሶ፣ ሮው ፋይሎቹ እስከ መጨረሻው ፒክስል መከፈታቸውን፣ ቃላቱና ደረጃዎቹም አብረዋቸው መምጣታቸውን ማየት ያስፈልጋል። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ የጸሐፊውን ምክር ተከትለው ባለ ሁለት ዲስኩን ሳጥን ለገዙ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት የምጠይቃቸው ይህንን እንዲያደርጉ ነው።